በልቦለዴ ውስጥ ያለው የሠራተኞች ፓርቲ ደንቡ ምን ይበል? (የውይይት ክር ከነመልሶቹ)

ክሩን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ለሦስት ዓመታት ስጽፈው በቆየሁት ልቦለድ ውስጥ አንድ ግራ ዘመም ፓርቲ አለ፤ አገሩም ፓርቲውም የፈጠራ ናቸው። ፓርቲው የተወለደው በአንዲት የወደብ ከተማ፣ ከጫኝና አውራጆች፣ ከባቡር ሠራተኞችና በፈትል ፋብሪካ ከሚሠሩ ሴቶች ማኅበራት ነው። በመክፈቻ ጽሑፌ ያቀረብሁት ሐሳብ ቀጥተኛ ነበር፤ ከሠራተኛ ማኅበር የሚወለዱ ፓርቲዎች ሁሉ መጨረሻቸው አንድ ነው፣ መሪዎቹ በሠራተኛው ትከሻ ላይ ቆመው ወደ ምክር ቤት ይገባሉ፣ ወንበሩን ሲለምዱት የመጡበትን ይረሳሉ፣ ስለዚህም የልቦለዴ ዐቢይ ድርጊት የአንድ መሪ ክህደት መሆን አለበት አልሁ። ከዚያም ይህ ክህደት ለአንባቢ እውነት እንዲመስል በምን አጋጣሚ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ጠየቅሁ። ሃያ አምስት መልሶች መጡ። ጥያቄዬን እንዳለ ተቀብለው የመለሱልኝ ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ጥያቄውን ራሱን አፍርሰው እንደገና ሠሩት። ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች የተባለውን በቅደም ተከተል፣ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ።

መልስ 1 በትሕትና የተጻፈ ነበር። ጸሐፊው ሥራዬን አበረታተው፣ ምክር ከመስጠታቸው በፊት አንድ ነገር እንዳብራራላቸው ጠየቁኝ፤ ማኅበሩ ነው ፓርቲውን የወለደው ወይስ ፓርቲው ማኅበሩን? ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስለኝ የጀርመንን ታሪክ ጠቀሱ። በዚያ አገር ፓርቲው እ.ኤ.አ. በ1875 በጎታ ጉባኤ አንድ ሆኖ ሲቆም የሠራተኛ ማኅበራቱ ገና አቅም ስላልነበራቸው፣ ፓርቲው እንደ ታላቅ ወንድም ይመራቸውና ይገሥጻቸው ነበር። ማኅበራቱ በአባላት ብዛት ፓርቲውን እየበለጡ ከሄዱ በኋላ ግን በ1906 በማንሃይም ጉባኤ ሁለቱ እኩል መሆናቸው ታወቀ፤ ፓርቲው ያለ ማኅበራቱ ስምምነት ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ለመጥራት የሚችልበትም በር ተዘጋ። በእኔ ልቦለድ ማኅበሩ እናት ከሆነች፣ ልጁ እናቱን የሚያሳዝንበትን መንገድ ከመፈለጌ በፊት እናቲቱ ልጁን ለምን እንደፈለገችው ማወቅ አለብኝ ሲሉ ጽሑፋቸውን ዘጉ።

መልስ 2 ይህን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ እንግሊዝ ወሰደው። የካቲት 27 ቀን 1900 (በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር) ለንደን ፋሪንግደን ጎዳና በሚገኝ አዳራሽ 129 ተወካዮች ሲሰበሰቡ የመሠረቱት ፓርቲ ሳይሆን የሠራተኛ ተወካዮችን ወደ ፓርላማ የሚያስገባ ኮሚቴ ነበር፤ ራምሴ ማክዶናልድ ጸሐፊው ሆነ። ፓርቲ የሚለውን ስም የያዘው በ1906 ነው። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ቀጥሎ የተጻፈው ነው፤ ሰው በግሉ የዚህ ፓርቲ አባል መሆን የሚችልበት ሥርዓት በደንቡ የገባው በ1918 ነው። እስከዚያ ድረስ አባልነት የሚገኘው ከፓርቲው ጋር በተቆራኘ ማኅበር ወይም ድርጅት በኩል ብቻ ነበር። እኔ በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ለእያንዳንዱ ጫኝ የፓርቲ መታወቂያ ደብተር ሰጥቼው ነበር። ያንን ገጽ የዚያኑ ዕለት ሰረዝሁት።

የመልስ 3 ጸሐፊ ከቀደሙት ሁለት ጋር እንደሚስማሙ ገልጸው፣ እናቲቱ ልጁን ለምን ፈለገችው ለሚለው መልስ አለኝ አሉ። በደቡብ ዌልስ የታፍ ቬል ባቡር ሠራተኞች በ1900 ሥራ አቆሙ፤ ኩባንያው ማኅበሩን ከሰሰ፤ የእንግሊዝ የመጨረሻው ፍርድ ቤትም በ1901 ማኅበሩ ለደረሰው ኪሳራ ከራሱ ካዝና መክፈል አለበት ብሎ ወሰነ። ማኅበሩ ካሣ ብቻ 23 ሺህ ፓውንድ ከፈለ። ከዚያ በፊት ብዙ የማኅበር መሪዎች ፖለቲካን ከደመወዝ ድርድር ቀጥሎ የሚመጣ ትርፍ ነገር አድርገው ያዩት ነበር፤ ከፍርዱ በኋላ ግን አድማ ማድረግ ማለት የአባላትን ተቀማጭ ለአሠሪው ማስረከብ እንደሆነ ገባቸውና፣ ከኮሚቴው ጋር የተቆራኙት የማኅበር አባላት ቁጥር በሁለት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ። በ1906 ምርጫ 29 ሰዎች ተመረጡ፤ በዚያው ዓመት ፍርዱን የሚሽር ሕግ ወጣ። ምክራቸው ይህ ነበር፤ ፓርቲህ ከንግግር አይወለድ፣ ከፍርድ ቤት ውሳኔ ይወለድ። ከሃያ አምስቱ መልሶች አንድ ብቻ ልያዝ ብባል ምናልባት ይህን እይዝ ነበር።

መልስ 4 ረጅም ሲሆን ስለ አውስትራሊያ ነው። በ1890ና በ1891 የመርከብ ሠራተኞችና የበግ ጠጉር ሸላቾች ያደረጉት አድማ ከተሸነፈ በኋላ ማኅበራቱ ወደ ምርጫ ዞሩ። በኒው ሳውዝ ዌልስ በ1891 ከ141 ወንበሮች 35ቱን ወሰዱ፤ ነገር ግን ተመራጮቹ ወዲያውኑ በቀረጥ ጉዳይ ለሁለት ተከፈሉ። ከዚህ የተነሣ እያንዳንዱ ዕጩ የጓዶቹን አብላጫ ውሳኔ ተከትዬ ድምፅ እሰጣለሁ ብሎ አስቀድሞ የሚፈርምበት ቃል ኪዳን ተደነገገ። በኩዊንስላንድ በ1899 አንደርሰን ዶውሰን የመሠረተው መንግሥት በዓለም የመጀመሪያው የሠራተኞች ፓርቲ መንግሥት ሲሆን የቆየው አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ በ1904 ደግሞ ክሪስ ዋትሰን የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ጸሐፊው ይህን ሁሉ የዘረዘሩት ወደ አንድ ሰው ለመድረስ ነበር። ቢሊ ሂዩዝ የወደብ ሠራተኞችን ፌዴሬሽን የመራ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ በ1916 ለጦርነቱ የግዳጅ ምልመላ ይደረግ ሲል ፓርቲው ተሰነጠቀ፣ እርሱም ደጋፊዎቹን ይዞ ወጥቶ በሌሎች ድጋፍ ሥልጣኑ ላይ ቆየ። የፈለግኸው ከሃዲ ይኸውልህ፣ ወደብህም ጭምር አለው፤ ነገር ግን ልብ በል፣ ሰውየው ከሄደ በኋላ ፓርቲው አልጠፋም አሉኝ። አንድ ሰው በመክዳቱ የሚያልቅ ታሪክ ከሆነ፣ የምጽፈው ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ፓርቲው እንዳልሆነ ያስረዱኝ የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው ናቸው።

መልስ 5 ከ4 ጋር መስማማቱን ብቻ ገልጾ አለፈ።

መልስ 6ን ሳነብ ቆም አልሁ። ጸሐፊው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ሆነው ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደመወዝ በተከፈለ ቁጥር ካርኒያቸውን ይዘው በየክፍሉ እየዞሩ መዋጮ ይሰበስቡ ነበር። ሥራው አድካሚ ነው፤ አንዱ ነገ ይላል፣ ሌላው ልጄ ታሟል ይላል፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ባለፈው ወር ስለ ማታ ፈረቃው ያቀረብሁት አቤቱታ የት ደረሰ ብላ ሳትመለስላት ገንዘብ አላወጣም ትላለች። በኋላ በኅብረት ስምምነቱ መዋጮው በአሠሪው በኩል ከደመወዝ እየተቀነሰ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ እንዲገባ ተደረገ። ገቢው አደገ፣ ውዝፍ ቀረ፣ እርሳቸውም ቢሮ ውስጥ መቀመጥ ጀመሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ በአዲሱ የፈትል ክፍል ከሚሠሩት መካከል በስም የሚያውቁት ሰው እንደሌለ ተገነዘቡ። ማንም አልከዳም፤ የሠራተኛው ጥያቄ ወደ እርሳቸው የሚመጣበት መንገድ ግን ከካርኒው ጋር አብሮ ቀረ። ስለ ክህደት የምትጽፍ ከሆነ ይህንንም አስብበት ብለው ጨረሱ። በዚህ መልስ ሥር ብዙ ሰው ምስጋና ጽፏል፤ የእኔም አለበት።

መልስ 7 የካርኒውን ታሪክ ከአንድ ክስ ጋር አያያዘው። ዋልተር ኦዝቦርን የእንግሊዝ ባቡር ሠራተኞች ማኅበር የአንድ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ነበር፤ ማኅበሬ ከመዋጮዬ ለማልደግፈው ፓርቲ ገንዘብ ሊሰጥ አይገባም ብሎ ከሰሰ፣ በ1909ም አሸነፈ። ማኅበራት ለፖለቲካ ገንዘብ እንዳያወጡ ተከለከሉ። የፓርላማ አባላት ከመንግሥት ደመወዝ የሚከፈላቸው ከ1911 ጀምሮ ስለሆነ፣ ከፋብሪካና ከማዕድን ጉድጓድ የመጡት ተመራጮች ኑሯቸው በማኅበራቸው ላይ የቆመ ነበርና ፍርዱ እንጀራቸውን ነካ።

ከዚህ በኋላ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። መልስ 8 ኦዝቦርንን የአሠሪዎች መሣሪያ ሲል ጠርቶ፣ እንዲህ ያለውን ሰው እንደ ተራ የማኅበር አባል አድርጎ ማቅረብ የታሪክ ብልግና ነው አለ፤ መልስ 7ንም የጠላትን ሥራ በማሳመር ወቀሰ። የመልስ 9 ጸሐፊዋ በቁጣ ሳይሆን በጥንካሬ መለሱለት። ሰውየው ከየት ገንዘብ አገኘ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፣ ሰውየው የጠየቀው ትክክል ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ አንዱን በመመለስ ሌላውን መዝጋት አይቻልም አሉ። እርሳቸው የፓርቲው ደጋፊ ሆነው እንኳ፣ አብሯቸው የሚሠራ ሌላ እምነት ያለው ሰው ገንዘቡ ሳይጠየቅ ለፓርቲያቸው ቢሄድ እንደሚያፍሩ ጻፉ። በዚህ ላይ ከእርሳቸው ጋር ነኝ። መልስ 8 ላይ ያለው ቁጣ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል፤ ቁጣው ግን ጥያቄውን አልነካውም።

መልስ 10 ክርክሩን ወደ ቁጥር አመጣው፤ ለእኔም ይህ የክሩ እምብርት ነው። የ1913 ሕግ መፍትሔ አበጀ፤ ማኅበር ለፖለቲካ የሚያውለውን ገንዘብ ለብቻው በተለየ ፈንድ ይይዛል፣ ፈንዱን ለማቋቋም አባላቱ ድምፅ ይሰጡበታል፣ መክፈል የማይፈልግ ሰው ደግሞ አልከፍልም ብሎ ፈርሞ ይወጣል። ከ1926ቱ ጠቅላላ አድማ በኋላ በ1927 የወጣው ሕግ ይህን ገለበጠው፤ መክፈል የሚፈልግ ሰው እከፍላለሁ ብሎ ካልፈረመ በስተቀር አይቆጠርም። በፓርቲው ውስጥ በማኅበር በኩል የሚቆጠረው ሰው ከ3 ሚሊዮን በላይ የነበረው በጥቂት ጊዜ ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ደመወዛቸውና እምነታቸውም በአንድ ዓመት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቅጹ ላይ ዝም ያለ ሰው ዝምታ እንዴት እንደሚተረጎም ነው። በ1946 የፓርቲው መንግሥት የቀድሞውን መለሰ፤ በ2016 የወጣ ሌላ ሕግ ለአዳዲስ አባላት እንደገና አዞረው። አንድ መቶ ዓመት ሙሉ ሁለት ወገኖች ስለ ዝምታ ትርጉም ሲታገሉ ኖሩ።

መልስ 11 የስዊድንን ጉዳይ አከለ። ፓርቲው በ1889፣ የማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን በ1898 ተመሠረቱ፤ በየአካባቢው ያሉ ቅርንጫፍ ማኅበራት አባላታቸውን በጅምላ የፓርቲው አባል ያደርጉ ነበር። ይህ አሠራር በ1990 ሲያበቃ ከ1 ሚሊዮን በላይ የነበረው የአባላት ቁጥር ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። ጸሐፊው ግን መልስ 10 ያመጣውን ቁጥር በጥንቃቄ እንድናነበው አሳሰቡ። የጅምላው አባልነት ባዶ ወረቀት አልነበረም፤ ኮንፌዴሬሽኑ በ1951 ጉባኤው የተወያየበት፣ ዬስታ ሬንና ሩዶልፍ ማይድነር የተባሉ የራሱ ኢኮኖሚስቶች ያዘጋጁት የደመወዝ ፖሊሲ የመንግሥት ፖሊሲ ለመሆን የቻለው ያ ቁርኝት ስለነበረ ነው። ማይድነር በ1970ዎቹ ከኩባንያዎች ትርፍ ለሠራተኛው የጋራ አክሲዮን የሚሆን ፈንድ ይቋቋም ሲል ግን ፓርቲው አመነታ፤ በ1983 የወጣው ሕግ ከመጀመሪያው ሐሳብ እጅግ የሳሳ ነበር፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ተሻረ። እናት ሐሳብ ትሰጣለች፣ ልጅ የሚችለውን ያህል ይወስዳል።

መልስ 12 በእኔ ላይ የተሰነዘረ ነበር። ጸሐፊው እኔ የወደብ ከተማ፣ ቀይ ባንዲራና የሚያለቅሱ ፈታዮች እያስጌጥሁ፣ ሌላው የገነባውን ድርጅት ለልብ ማራሪያ እየተጠቀምሁበት ነው አሉ። ማኅበር ማለት ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተብሎ መበተን ነው፤ ያን ለመጻፍ ትዕግሥት የሌለው ሰው ክህደት የሚለውን ቃል ባያነሣ ይሻላል ብለው ጨመሩ። አነጋገራቸው ከሯል፤ ሆኖም ፍርዳቸው በጣም አልሳተም። በረቂቄ ውስጥ አንድም ሙሉ ስብሰባ አልነበረም።

ከመልስ 13 እስከ 16 ያሉት ከመንገዱ ወጡ፤ መነሻው መልስ 13 ፓርቲው በአማርኛ ምን ይባል ብሎ መጠየቁ ነው። አንዱ ላብ አደር የሚለውን መረጠ፣ ሌላው ወዝ አደር ይሻላል አለ፣ ሦስተኛው ደግሞ ገበሬውንም ጸሐፊውንም የሚያቅፈው ሠርቶ አደር ነው ሲል ተከራከረ። በ1960ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) የነበሩ ሰዎች በእነዚህ ቃላት ምርጫ የየትኛው ወገን እንደሆኑ ይታወቁ እንደነበር ያስታወሱም አሉ፤ ከዚያም ክርክሩ ስለ ቃላት መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰዎቹ ሆነ፣ ሁለት ተሳታፊዎችም ዘለፋ ተለዋወጡ። የመድረኩ አስተናባሪ ገብተው ሁለቱን መልሶች አረሙና ወደ ጉዳዩ እንድንመለስ አዘዙ። ከዚህ ሁሉ ለእኔ የተረፈኝ አንድ ነገር ነው፤ ሦስቱም ቃላት አደር የሚለውን ይጋራሉ፣ ኑሮውን በምን እንደሚገፋ የሚነገርለት ሰው ማለት ነው። በልቦለዴ ውስጥ ፓርቲው የሚጠራው በአጭር ስም እንዲሆን፣ የሠራተኞች ፓርቲ ብቻ እንዲባል ወሰንሁ።

መልስ 17 ወደ አፍሪካ ወሰደን፤ የአስተናባሪውንም ትእዛዝ ያከበረ ጠንካራ ጽሑፍ ነበር። ፍሬድሪክ ቺሉባ ከ1974 ጀምሮ የዛምቢያ ሠራተኛ ማኅበራትን ጉባኤ መርቷል፤ በ1991 ማኅበራቱ ዋና ምሰሶ የሆኑለትን ንቅናቄ ይዞ ከድምፁ ሦስት አራተኛ ያህሉን በማግኘት የፕሬዚዳንትነት ምርጫውን አሸነፈ። መንግሥቱ ያከናወነው ዋና ሥራ ግን የመንግሥት ድርጅቶችን፣ በመጨረሻም የመዳብ ማዕድን ማውጫዎቹን ወደ ግል ማዞር ሆነ፤ ብዙ ሺህ የማኅበር አባላት ሥራቸውን አጡ። መልስ 17 ይህን ክህደት ብሎ ለመጥራት አልቸኮለም። ንቅናቄው የአንድ ፓርቲ አገዛዝን ለማስወገድ የተሰባሰቡ ነጋዴዎችን፣ ምሁራንንና ሠራተኞችን የያዘ ነበር፤ ማኅበራቱ ሰውና አደረጃጀት ሰጡ እንጂ በደንቡ ውስጥ የራሳቸውን ድምፅ የሚያስጠብቅ አንቀጽ አላስገቡም። ከሥሩ ማኅበር ያለበት ፓርቲና ማኅበር የተሳፈረበት ፓርቲ አይምታቱብህ አሉ። ይህ ዓረፍተ ነገር በማስታወሻዬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይገኛል።

መልስ 18 ከዚህ ጋር የሚነጻጸረውን ብራዚልን አቀረበ። በሳኦ ፓውሎ ዙሪያ በሚገኙት የኢንዱስትሪ ከተሞች የብረታ ብረት ሠራተኞች ከ1978 ጀምሮ በወታደራዊው አገዛዝ ፊት አድማ መቱ፤ ፓርቲው የካቲት 10 ቀን 1980 ተመሠረተ፤ የማኅበሩ መሪ ሉላ ሦስት ጊዜ ተሸንፎ በ2002 ለፕሬዚዳንትነት ተመረጠ። በዚህ ፓርቲ ደንብ ተመራጮች ከደመወዛቸው ድርሻ ለፓርቲው ይከፍላሉ፤ ገንዘቡ ከታች ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ከላይም ወደ ታች ይመለሳል። ሆኖም በ2003 መንግሥቱ የሲቪል ሠራተኞችን ጡረታ ሲያሻሽል የተቃወሙ የራሱን የምክር ቤት አባላት አባረረ፤ የተባረሩት በማግሥቱ ዓመት ሌላ ፓርቲ አቋቋሙ። መልስ 19 ደግሞ ይህን ለማረም ሳይሆን ለማጥበቅ፣ የተባረሩት ጥቂቶች እንደነበሩና ትልቁ የማኅበራት ማዕከል ከፓርቲው ጋር እንደቀጠለ አስገነዘበ።

መልስ 20 የጻፉት ቀደም ሲል በመልስ 9 የተናገሩት ሴት ናቸው። ሁላችሁም ስለ ወንዶች ትጽፋላችሁ፣ የልቦለዱ ማኅበር ግማሹ ፈታይ ሴቶች አይደሉም ወይ ብለው ጀመሩና ማርጋሬት ቦንድፊልድን አነሡ። ይህች ሴት በሱቅ ሻጭነት ሠርታ በሻጮች ማኅበር ያደገች፣ በ1923 የብሪታንያ የማኅበራት ጉባኤን ምክር ቤት በሊቀ መንበርነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት፣ በ1929 ደግሞ የሠራተኛ ሚኒስትር በመሆን የመጀመሪያዋ የካቢኔ አባል የሆነች ሴት ነች። በ1931 የገንዘብ ቀውስ የሥራ አጦችን ድጎማ በ10 በመቶ ለመቀነስ ካቢኔው ሲከፈል እርሷ ቅነሳውን ከደገፉት ወገን ነበረች። በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ማክዶናልድ ፓርቲውን ትቶ ከተቃዋሚዎቹ ጋር መንግሥት ሲመሠርት ግን አልተከተለችውም። በተከተለው ምርጫ ፓርቲው ከ287 ወንበር ወደ 52 ወረደ፤ እርሷም ወንበሯን አጣች። ጸሐፊዋ ጥያቄያቸውን እንዲህ አቀረቡ፤ ይህች ሴት ከሃዲ ናት? በየመንገዱ ሻጮችን ስታደራጅ የኖረች ሰው በአንድ ነሐሴ ወር ልቧ ተለወጠ? ወይስ የሥራ አጦቹን ገንዘብ ያዥ የሆነ ሰው ከሥራ አጡ በተለየ ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ የሚያየው ሒሳብ ይለያል? ለዚህ ማንም አጥጋቢ መልስ አልሰጠም፤ እኔም ብሆን።

መልስ 21 ይህንኑ ይዞ ፓርቲው መንግሥት ሲሆን አሠሪ መሆኑን አስረዳ። በ1969 የብሪታንያ ሚኒስትር የነበረችው ባርባራ ካስል የአድማ ሥርዓትን የሚያጠብቅ ረቂቅ ስታቀርብ ጄምስ ካላሃን በካቢኔው ውስጥ የማኅበራቱን ወገን ይዞ ተቃወማት፤ ረቂቁ ወደቀ። በ1978 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ የደመወዝ ጭማሪ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰነው ደግሞ ያው ካላሃን ነው፤ በዚያ ክረምት የማዘጋጃ ቤትና የሆስፒታል ሠራተኞች ሳይቀሩ ሥራ አቆሙ፣ በግንቦት ምርጫው ተሸነፈ። መልስ 22 ይህን ሲሰማ፣ ስለዚህ የአሜሪካ ሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን መሪ የነበረው ሳሙኤል ጎምፐርስ ትክክል ነበር ማለት ነው፣ ማኅበር ፓርቲ አይውለድ፣ ወዳጁን ይሸልም ጠላቱን ይቅጣ አለ፤ መልስ 23 ግን ያን መንገድ የተከተለ ማኅበር ወዳጅ ሳይገኝ ሲቀር የሚሸልመው የለውም ብሎ በአንድ መስመር ቆረጠው። ሁለቱም ከዚህ የበለጠ ቢጽፉ በወደድሁ።

በመልስ 24 የተመለሱት በመልስ 12 ላይ የገሠጹኝ ጸሐፊ ናቸው። ስለ አነጋገራቸው ይቅርታ ጠይቀው፣ ያላዩልኝ አንድ ነገር አለ ብለው ስለ ጅምላ ድምፅ አብራሩ። አንድ ሚሊዮን አባላት ያሉት ማኅበር በፓርቲው ጉባኤ ላይ አንድ ካርድ ያነሣል፤ ካርዱ አንድ ሚሊዮን ድምፅ ነው። በማኅበሩ ተወካዮች መካከል 51ዱ ደግፈው 49ኙ ቢቃወሙ እንኳ የሚቆጠረው ሚሊዮኑ በሙሉ ነው። በእንግሊዝ ፓርቲ ጉባኤ ከጠቅላላው ድምፅ 90 በመቶ ገደማ በዚህ መንገድ በማኅበራት እጅ ነበር፤ ወደ 50 በመቶ የወረደው በ1990ዎቹ ነው። እርሳቸው ራሳቸው በአንድ ማኅበር ተወካይ ሆነው እንዲህ ያለ ካርድ ሲነሣ በተሸናፊው ወገን ተቀምጠው አይተዋል፤ ካርዱን ያነሣው የማኅበሩ ሊቀ መንበር የቅርብ ወዳጃቸው ነበር፣ ያነሣውም በደንቡ መሠረት ነው። ድምፃቸው ለተቃወሙት ሐሳብ ሲቆጠር መስማት ምን እንደሚመስል ለመግለጽ ሞክረው፣ ክንዳቸው ከብዶባቸው እንደነበር ብቻ ጽፈው አቆሙ።

መልስ 25 የእኔ ነው። ሁሉንም አመስግኜ፣ የመክፈቻ ሐሳቤን እንደተውሁት አሳወቅሁ። ከሃዲው መሪ ከረቂቁ ወጥቷል። የመሥራች ጉባኤው ምዕራፍ እንደገና ተጽፎ ሰባ ገጽ ሆኗል፤ ፍርድ ቤት የማኅበሩን ካዝና ካሸገ ከአሥር ቀን በኋላ በባቡር ጋራዥ ውስጥ የሚካሄድ አንድ ስብሰባ ነው፣ ከቀትር እስከ ሌሊት። አጀንዳው አንድ አንቀጽ ነው፤ ከመዋጮው ለፓርቲው የሚከፈለው ገንዘብ ዝም ካለ ሰው ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ? ጫኞቹ ይቆረጥ ይላሉ፣ ካዝናው ባዶ ነውና። ካርኒ ይዛ በየመዘውሩ የምትዞረው የፈታዮቹ ገንዘብ ያዥ አይቆረጥ ትላለች፣ ሳልጠይቃቸው ከወሰድሁ ነገ ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ ትላለች። ጫኞቹ በጅምላ ድምፅ ያሸንፋሉ። እርሷም ለተሸነፈችበት ፓርቲ የመጀመሪያዋ ገንዘብ ያዥ ሆና ትመረጣለች፤ ምዕራፉ የሚያበቃው በማግሥቱ ጠዋት፣ ደንቡ መዞር አያስፈልግም እያለ እርሷ ካርኒውን ይዛ ወደ ፈትል ክፍሉ ስትገባ ነው።